የሻኒ የሰሊጥ መብራት ለምን ቶሎ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሻኒ (ለሂንዱዎች የሳተርን አምላክ) የሚበራው፣ ጥቁር ሰሊጥ በጥቁር ጨርቅ ተቋጥሮ የሚለኮሰው መብራት ይጤስና ይጠፋል። ችግሩ ከዘይቱ ነው?

መልስ 1፦ ከጨርቁ ይመስለኛል። ስስ ጥጥ ካልሆነ ዘይት አይስብም፤ ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ይሸታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሰሊጥ ይበቃል። ላላ አድርገህ ቋጥርና የጨርቁን ጫፍ እንደ ጧፍ ጠምዝዘህ የጣት አንጓ ያህል አቁመው። ቋጠሮው ከጠበቀ ዘይቱ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እሳቱ ደረቁን ጫፍ በልቶ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ጫፉም ይራስ።

መልስ 2፦ አዲስ የሸክላ ማብሪያ ከሆነ ዘይቱን ራሱ ሸክላው ይመጠዋል። ቀድሞ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይቆይና በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ከሆነ ይንጣጣል።

መልስ 3፦ ሰሊጡን ማቃጠል ራሱ አይገባም የሚሉ አሉ፤ በሰሊጥ ዘይት የራሰ የጥጥ ክር ብቻ ያበራሉ። ለእኔ ይሄ ይሻላል፣ ጭሱም ያንሳል። ቤተ መቅደስ ውስጥ ከሆነ የዘጠኙ ፕላኔቶች አማልክት ምስሎች (ፀሐይም ከዘጠኙ ትቆጠራለች) አንድ መድረክ ላይ ናቸው፦ ፀሐይ መሃል፣ ሻኒ በምዕራብ። ካበራህ በኋላ መድረኩን በቀኝህ አድርገህ ዘጠኝ ጊዜ ዙር። መብራቱን ግን እፍ ብለህ አታጥፋ።