ውጤቴ ከሌሎቹ ያነሰ ነው፣ ፔፐሩን ለኮንፈረንስ ላስገባው ወይስ ይቅር?

ኩሽኔታ_ሰሚዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ቴሲሴን የሠራሁት በሞተር ኩሽኔታ ብልሽት ላይ ነው። ንዝረቱን በሴንሰር ይዘን፣ ሞዴል (ከዳታ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) አሠልጥነን፣ ኩሽኔታው ደህና ነው ወይስ የውስጥ ቀለበቱ፣ የውጭ ቀለበቱ ወይም ኳሱ ተጎድቷል የሚለውን መለየት ነው ነገሩ። አማካሪዬ ለኮንፈረንስ አስገቢው ብሎኛል። ዴድላይኑም ሩቅ አይደለም።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ የተጠቀምኩት ሁሉም ሰው የሚጠቀምበትን የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲን ዳታ ነው። በዚህ ዳታ የተሠሩ ፔፐሮችን ሳነብ አብዛኞቹ 99 ምናምን ፐርሰንቱን በትክክል ለየን ነው የሚሉት፣ 100 ብሎ ቁጭ ያደረገም አለ። የኔ እዛ አይደርስም። እኔ ዳታውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ስከፍል አንዱ የተቀዳ ፋይል ሙሉ በሙሉ ወይ እዚህ ወይ እዚያ እንዲገባ አድርጌ ነው የከፈልኩት፣ ከዛ በኋላ ውጤቱ በደንብ ወረደ። ገምጋሚው ሠንጠረዤን አይቶ "ከነባሮቹ ያነሰ ነው" ብሎ ሪጀክት ያደርገኛል ብዬ ፈራሁ። እውነት ለመናገር እንደ ሌሎቹ ቀላቅዬ ልክፈለው የሚል ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር።

ሌላው፣ 6 ገጽ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ባለ ሁለት ዓምድ። ቴሲሱ ደግሞ መጽሐፍ ነው የሚያክለው። ምኑን ጥዬ ምኑን ልያዝ?

በዛ ላይ ሰሞኑን "የተከበሩ ፕሮፌሰር" ብሎ በኢሜይል የጋበዘኝ ሌላ ኮንፈረንስ አለ። (ፕሮፌሰር አይደለሁም።) በ3 ቀን ውስጥ መልስ እንሰጣለን ይላል። እዛ ባስገባው አይቀለኝም?

ቦልትና_ዳዶ

ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ተይው። ፔፐር በትክክል የሚያነብ ሰው ሥራ አለው፣ ቤተሰብ አለው፣ በ3 ቀን ውስጥ ለሁሉም አስገቢ መልስ የሚሰጥ ኮንፈረንስ ምንም አያነብም ማለት ነው። የሚያነበው የባንክ ደረሰኙን ነው።

ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 2005 የኤምአይቲ ተማሪዎች ሳይጄን የሚባል፣ ትርጉም የሌለው የኮምፒውተር ሳይንስ ፔፐር በራሱ የሚፈበርክ ፕሮግራም ሠርተው፣ ከፈበረካቸው አንዱን ለኮንፈረንስ ላኩት። ተቀባይነት አገኘ። በ2014 ደግሞ አሳታሚው ስፕሪንገርና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበሩ አይትሪፕልኢ በዚሁ ፕሮግራም የተፈበረኩ ከ120 በላይ ፔፐሮችን ከማኅደራቸው ለማንሳት ተገደዋል። ትልቅ ስም ያላቸውም ቢሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ሎጎውን ብቻ አይተሽ አትመኚ።

የምታጣሪው እንዲህ ነው። ያለፉት ዓመታት ፔፐሮቹ የት ናቸው? አይትሪፕልኢ ኤክስፕሎር (የማኅበሩ የፔፐር ማኅደር) ወይም ስኮፐስ (የፔፐሮች ማውጫ) ላይ ራስሽ ገብተሽ ፈልጊ፣ እነሱ "እንመዘገባለን" ስላሉ አይደለም። ከዛ የኮሚቴ አባላቱን ስም ውሰጂና የሁለት ሦስቱን የግል ገጽ እይ። ሰውየው ራሱ ኮሚቴ ውስጥ መኖሩን የማያውቅበት ጊዜ አለ። ደግሞ አንድ ኮንፈረንስ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ቀን ስለ ግድብ፣ ስለ ነርሲንግና ስለ ግብይት ፔፐር የሚቀበል ከሆነ እሱ ኮንፈረንስ ሳይሆን ገበያ ነው።

የማታ_ገምጋሚ

እኔ በዚህ ዘርፍ ፔፐር እገመግማለሁ፣ ከወዲያኛው ወገን ሆኜ ልንገርሽ። ያነሰው ቁጥርሽ ፔፐርሽ ራሱ ነው። እሱን ለመደበቅ ብለሽ ዳታውን ብትቀላቅዪ ያለሽን ብቸኛ ነገር ጣልሽው ማለት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ላብራራ። የኬዝ ዌስተርን ዳታ ላይ አንድ ረጅም የንዝረት ቅጂ አለ፣ በሰከንድ 12 ሺህ ወይም 48 ሺህ ናሙና የተወሰደበት። ሰዎች ይሄን ቅጂ በትንንሽ ቁራጭ ይቆርጡና ቁራጮቹን በዘፈቀደ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ያከፋፍሏቸዋል። ቁራጮቹ ተደራርበው ከተቆረጡ ደግሞ ግማሹ መልስ ቀድሞ ማሠልጠኛው ውስጥ ገብቷል። ያኔ ሞዴሉ ብልሽቱን ሳይሆን ያን ቀን የተቀዳውን ፋይል ነው የሚያውቀው። 99 ፐርሰንት ባይመጣ ነው የሚገርመኝ። ይሄን የሚያውቅ ገምጋሚ እንደዚህ ዓይነት ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "እንዴት ከፈልከው?" ብሎ ነው።

ግን አንቺም ገና አልጨረስሽም። በፋይል መክፈል ጥሩ ነው፣ ግን በቂ አይደለም። እዛ ዳታ ውስጥ በአንድ የብልሽት መጠን የተጎዳው ያው አንዱ ኩሽኔታ ነው ከ0 እስከ 3 የፈረስ ጉልበት በሚደርስ ጭነት ደጋግሞ የተቀዳው። ስለዚህ በ1 እና በ2 ጭነት አሠልጥነሽ በ3 ብትፈትኚ ፋይሉ ተለየ እንጂ ኩሽኔታው ያው ነው። የሚከብደው ፈተና በብልሽት መጠን መክፈል ነው፣ ለምሳሌ 0.007 እና 0.014 ኢንች ላይ አሠልጥኖ 0.021 ላይ መፈተን። ውጤትሽ ከዚህም ሊወርድ ይችላል። ይውረድ።

በተጨማሪ እነዚያ ጉዳቶች በኤሌክትሪክ ብልጭታ ማሽን ሆን ተብሎ የተቦረቦሩ ናቸው፣ በሥራ ብዛት የመጣ ጉዳት አይደለም። ጊዜ ካለሽ የፓደርቦርን ዩኒቨርሲቲን ዳታ ጨምሪበት። እዛ 32 ኩሽኔታዎች አሉ፣ ከነሱ 14ቱ በተፋጠነ የዕድሜ ሙከራ እንደ እውነተኛው ዓለም የተጎዱ ናቸው።

እንግዲህ 6 ገጹ። ቴሲሱን አታሳጥሪው። ቴሲስ "ይሄን ሁሉ አውቃለሁ" ብለሽ ለፈታኞች የምታሳዪበት ነው፣ የኮንፈረንስ ፔፐር ግን አንድ ነገር ብቻ ይላል። ያንቺ አንድ ነገር "የአከፋፈል ዘዴው ሲቀየር ያው ሞዴል ይሄን ያህል ይወርዳል፣ የኛ ዘዴ ደግሞ ከባዱ ፈተና ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ይወርዳል" ነው። (ሁለተኛው ግማሽ እውነት ከሆነ ነው። ካልሆነ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃሻል።) ዋናው ሠንጠረዥሽ ላይ ያው ሞዴል፣ ያው ዳታ፣ ሦስት ዓይነት አከፋፈል ጎን ለጎን ይቀመጥ። የሌሎቹን 99 ከፔፐራቸው ገልብጠሽ ካንቺ ጎን አታስቀምጪ፣ የሁለት ሦስቱን ዘዴ ራስሽ ሠርተሽ በራስሽ አከፋፈል ፈትኛቸው። ይሄ አድካሚው ሥራ ነው፣ ፔፐሩን የሚያስገባውም እሱ ነው። ደግሞ ሥልጠናውን ደጋግመሽ አማካዩንና መዋዠቁን አብረሽ ጻፊ፣ አንድ ጊዜ የወጣ ቁጥር ማንንም አያሳምንም።

ኩሽኔታ ምንድን ነው፣ ሞተር ለኢንዱስትሪ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ገጽ ሙሉ መግቢያ ጣዪው። እዛ የሚመጣ ሰው ያውቀዋል። እኔ ፔፐር ሲደርሰኝ አብስትራክቱን፣ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ፣ ከዛ ሥዕሎቹንና ሠንጠረዦቹን ነው መጀመሪያ የማየው። እዛ ላይ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ካልገባኝ የቀረውን በጥርጣሬ ነው የማነበው። ጥሩ ልማድ አይደለም፣ ግን ብዙዎቻችን እንደዛ ነን።

ጆርናል_ይሻላል

ሁላችሁም ስለ ኮንፈረንስ ስታወሩ ማንም ስለ ዕጣው አላወራም። በፈረንጆቹ 2014 ያኔ ኒፕስ ይባል የነበረው (አሁን ኒዩሪፕስ) ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ ከገቡት ፔፐሮች 10 በመቶ የሚሆኑትን ለሁለት የተለያዩ ኮሚቴዎች ሰጥቶ ነበር። ሁለቱ ኮሚቴዎች ከአራቱ በአንዱ ፔፐር ላይ ገደማ አልተስማሙም፣ አንደኛው ከተቀበላቸው ውስጥ ከግማሽ በላዩን ሌላኛው ጥሎታል። እና ለዚህ ነው የምዝገባ፣ የቲኬትና የሆቴል የምትከፍዪው? በዛ ላይ ቪዛ አለ። ጆርናል ላኪው፣ ገምጋሚው ሲጠይቅሽ መልሰሽ ትከራከሪያለሽ፣ ታስተካክያለሽ። ኮንፈረንስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አዎ ወይም አይ ብለው ይዘጉብሻል።

የማታ_ገምጋሚ

ሙከራው እውነት ነው። ግን ከዛ የምወስደው "አትላኩ" የሚለውን አይደለም፣ አንድ ሪጀክት አይቶ ሥራውን መጣል ሞኝነት ነው የሚለውን ነው። ጆርናል ደግሞ ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴ ከዓመት ያልፋል፣ እሷ ደግሞ አሁን ቴሲስ ጨርሳ ሥራ ወይ ፒኤችዲ የምትፈልግ ይመስለኛል። ደግሞ አንዱ ሌላውን አይዘጋም። ኮንፈረንስ ላይ የወጣን ሥራ አዲስ ሙከራና ትንተና ጨምሮ፣ የመጀመሪያውን ጠቅሶ ለጆርናል ማስገባት የተለመደ ነው። የማይቻለው ያንኑ ፔፐር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መላክ ነው። እሱ ከታወቀ ሁለቱም ይጥሉታል።

ኩሽኔታ_ሰሚዋ

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ። ኩሽኔታው ያው አንዱ መሆኑን አላሰብኩትም ነበር፣ ዛሬ ማታ በብልሽት መጠን ከፍዬ አየዋለሁ።

የፎርማቱን ነገር የሚያውቅ አለ? በወርድ ነው የጻፍኩት፣ ችግር አለው?

ህዳግ_ጠባቂ

ወርድ ችግር የለውም፣ ቴምፕሌቱን ከራሱ ከኮንፈረንሱ ገጽ አውርጂው እንጂ። ቀመር ከበዛብሽ ግን ላቴክ (በኮድ የሚጻፍበት የጽሑፍ ማሰናጃ) ይሻልሻል፣ ኦቨርሊፍ (ላቴክ የሚጻፍበት ድረ ገጽ) ላይ ቴምፕሌቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል። ምንም ብታደርጊ ህዳጉን አታጥብቢ፣ ፊደሉንም አታሳንሺ። ገጽ ለመቆጠብ እሱን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ ሲስተሙም ገምጋሚውም ወዲያው ነው የሚያዩት። ከገጽ ገደቡ ማለፍ የሚፈቅዱ ኮንፈረንሶች አሉ፣ ለተጨማሪ ገጽ ግን ያስከፍላሉ።

ግራፎችሽን ስክሪንሾት አድርገሽ አታስገቢ። ከሠራሽበት ፕሮግራም በቬክተር አውጪው፣ ያኔ ቢጎላም አይደበዝዝም። የግራፉ ጽሑፍ አንድ ዓምድ ውስጥ ሲገባ በዓይን መነበብ አለበት፣ መስመሮቹም በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ መለየት አለባቸው።

አሁን ሰው የሚወድቅበት ቦታ። ግምገማው በሁለት በኩል ስውር ከሆነ (ገምጋሚውና ጸሐፊው የማይተዋወቁበት) ስምሽን ከርዕሱ ሥር ማውጣት ብቻ አይበቃም። "ባለፈው ሥራችን እንዳሳየነው" የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ኮድሽን ያስቀመጥሽበት የጊትሀብ ሊንክሽ፣ የፒዲኤፉ መረጃ ውስጥ የተቀመጠው የጸሐፊ ስም፣ ሥዕል ላይ የላቦራቶሪው አርማ፣ ሁሉም ያጋልጡሻል። ሳይነበብ የሚመለስ ፔፐር አለ በዚህ ምክንያት ብቻ።

ዴድላይኑ ላይ ኤኦኢ የሚል ካለ በምድር ላይ ቀኑ መጨረሻ የሚያልቅበት ቦታ ማለት ነው፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 12 ሰዓት ወደ ኋላ። በሰዓትሽ ስታሰይው ከምታስቢው በላይ ጊዜ ሊኖርሽ ይችላል። ግን ለመጨረሻዋ ሰዓት አትተዪው፣ ሁሉም ያኔ ስለሚጭን ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። በቂ ነው የምትዪውን ቀደም ብለሽ ጫኚ፣ እስከ ዴድላይኑ ድረስ በተሻለው መተካት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል።

ከተቀበሉሽ በኋላ ደግሞ ሌላ ዙር አለ። አይትሪፕልኢ ከሆነ የመጨረሻውን ፋይል ፒዲኤፍ ኤክስፕረስ በሚባለው መሣሪያ ታስፈትሽዋለሽ፣ ፎንቶቹ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ካልገቡ አያሳልፍሽም። የቅጂ መብት ፎርም ትፈርሚያለሽ። ከጸሐፊዎቹ ቢያንስ አንዱ መመዝገብ አለበት፣ እዚህ ላይ ደንቡን በደንብ አንብቢ፣ ምክንያቱም የተማሪ ዋጋ ከፍለሽ "ይሄ ፔፐር አይሸፍንም፣ ሙሉውን ክፈዪ" የሚሉ ብዙ ናቸው። ከፍሎ ሳያቀርብ የቀረ ሰው ፔፐር ደግሞ ከኤክስፕሎር ሊቀር ይችላል። ቪዛ የሚያስፈልግሽ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤውን በተቀበሉሽ ማግስት ጠይቂ።

ጽሑፉን በኤአይ ካስጻፍሽ አይትሪፕልኢ የትኛው ክፍል እንደሆነና የትኛውን ሲስተም እንደተጠቀምሽ በምስጋናው ክፍል እንድትገልጪ ይጠይቃል። ሰዋስው ማስተካከል ብቻ ከሆነ ቀለል ያለ ነው፣ ቢገለጽ ግን ይመረጣል።

ኩሽኔታ_ሰሚዋ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ትንሽ ይከብዳል። አማካሪዬ የአንድ ባልደረባቸውን ስም ጨምሪ ብለውኛል። ሰውየው ሥራውን አይተውትም አያውቁም። እምቢ ብል አማካሪዬ ናቸው፣ እሺ ብል ደግሞ ደስ አይለኝም።

ቦልትና_ዳዶ

ጨምሪና ገላግዪው፣ ሁሉም ያደርገዋል።

የማታ_ገምጋሚ

ሁሉም አያደርገውም። የአይትሪፕልኢ ደንብ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነው የሚጠይቀው፦ ለሥራው ጉልህ የሆነ የሐሳብ አስተዋጽኦ፣ በጽሑፉ ወይም በእርማቱ መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ማጽደቅ።

ፊት ለፊት እምቢ ማለት የለብሽም። ረቂቁን ለሰውየው ላኪላቸውና በአክብሮት ጻፊ፦ "ስምዎ እንዲገባ ተነግሮኛል፣ ኮንፈረንሱ እያንዳንዱ ጸሐፊ የሠራውን ስለሚጠይቅ በአከፋፈሉና በውጤቱ ትንተና ላይ አስተያየትዎን እፈልጋለሁ።" አማካሪሽንም ግልባጭ አድርጊ። በቁም ነገር አንብበው ትንተናውን የሚለውጥ ነገር ካመጡ ሥራው ይሻሻላል፣ ስማቸውም በአግባቡ ይገባል። ዝም ካሉ ደግሞ ለአማካሪሽ "መልስ አላገኘሁም፣ በምስጋናው ላይ ላስገባቸው?" ማለት ይቀልሻል። ይሄን ከማስገባትሽ በፊት ጨርሺው፣ ፔፐሩ ከገባ በኋላ የጸሐፊ ስም መጨመርም ሆነ መቀነስ ብዙ ኮንፈረንሶች አይፈቅዱም። ምስጋናውን ደግሞ ለግምገማ በምታስገቢው ቅጂ ላይ ባዶ ተዪው፣ ስውር ከሆነ።