ታንኳ ያጥወለወለው ሰው ስኩባ ይጠልቃል?

የደሴው፦ በቅርቡ ጅቡቲ ወርጄ ስኩባ (የአየር ጋን ተሸክሞ ባሕር ውስጥ) ልጠልቅ ነው። ችግሩ፣ ባለፈው ሐይቅ ላይ በታንኳ ተሳፍሬ ቁርሴን ለዓሣ ነው ያበላሁት። የማጥወልወል መከላከያ ኪኒን ልዋጥ እንዴ?

ኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ። ግን ብዙዎቹ ኪኒኖች ያስተኛሉ፣ 18 ሜትር ስር መደንዘዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ሐኪም አማክርና ቀደም ብለህ ቤትህ ሞክረው። የሚዋጠው ከመሳፈርህ በፊት ነው፣ ካስመለሰህ በኋላማ ምን ዋጋ አለው።

ሐረጎ፦ ጀልባው መሃል ተቀመጥ፣ ሩቅ አድማሱን እይ፣ ስልክ አትነካካ። ለእኔ ዝንጅብልም ሠርቶልኛል።

ወልድያ፦ እኔ ላይ ውሃ ውስጥ ነው የመጣብኝ። መተንፈሻውን ከአፌ ሳላወጣ፣ በእጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ እዚያው አስመለስኩ፣ ከዚያ እሱው ላይ ያለውን ማጽጃ ቁልፍ ተጭኜ አጸዳሁት። ካወጣኸው ሳታስበው ውሃ ትስባለህ። ገና ጀልባ ላይ ካጥወለወለህ ግን በቃ፣ ቅር።

የደሴው፦ እሺ፣ ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ኪኒኑን ያኔ እሞክረዋለሁ።