ክሩዝ ልንሄድ ነው፣ እኔ ደግሞ መኪና እንኳን የሚያስመልሰኝ ሰው ነኝ፣ ምን ላርግ?

አዲስ ተጓዥ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ባለቤቴ ለአስረኛ አመታችን ብሎ የ7 ቀን ክሩዝ (በትልቅ መርከብ የሚደረግ ሽርሽር) ቡክ አርጎ ሰርፕራይዝ አለኝ፣ እኔም ጮቤ ረግጬ አቅፌው ሳልጨርስ ነው ትዝ ያለኝ፣ እኔ እኮ መኪና ውስጥ ኋላ ተቀምጬ 10 ደቂቃ ስልክ ካየሁ የሚያበቃልኝ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ማዛጋት፣ ቀጥሎ አፌ ምራቅ ይሞላል፣ ከዛ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ፣ ከዛ "መኪናውን አቁመው" ነው። አንዴ በትንሽ ጀልባ ሁለት ሰአት ሄጄ ስንደርስ ሰው ደግፎ ነው ያወረደኝ፣ ፊቴ አመድ መስሎ። አሁን ደግሞ 7 ቀን፣ ከዛ ውስጥ ሁለቱ ጭራሽ መሬት የማንረግጥባቸው። ባለቤቴ "ትልቅ መርከብ እኮ አይወዛወዝም" ይላል፣ እሱ ምን አለበት፣ በወጀብ መሀል ቁጭ ብሎ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰውዬ ነው።

እና ሄዳችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ኪኒኑ ይሻላል ወይስ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው? ካቢናችን ከላይኛው ፎቅ ከፊት በኩል ነው፣ በረንዳ ያለው፣ እሱ ችግር አለው እንዴ? 6 አመት የሆናት ልጅም አለችን፣ ለሷስ ምን ይሰጣል? ደሞ አንዴ ከጀመረኝ የሚያቆመው ነገር አለ ወይስ እስኪወጣልኝ መጠበቅ ነው? ሌላ በሽታ የለብኝም፣ አልፎ አልፎ ማይግሬን ያመኛል እንጂ።

ቀልደኛው፦

ባዶ ሆድሽን ግቢ፣ የሌለ ነገር አይወጣም ሃሃሃ። ካልሆነ የአለርጂ ኪኒን ዋጪ፣ ሴትሪዚን ምናምን፣ ሁሉም አንድ ነው፣ የመርከቡም ኪኒን እኮ የአለርጂ ዘር ነው አሉ።

የድሮ ካቢን ጠራጊ፦

እህቴ እኔ መርከብ ላይ 4 አመት ካቢን ሳጸዳ ነው የኖርኩት፣ ስለ መድሀኒቱ የሚያውቅ ይንገርሽ፣ እኔ ስለ ካቢኑ ልንገርሽ። ከቻልሽ ዛሬውኑ ደውላችሁ አስቀይሩት። ረጅም ጣውላ መሀሉን ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ አንዱን ጫፍ ስትጫኚው ሌላኛው ወደ ላይ ይነሳ የለ? መሀሉ ግን እዛው ነው። መርከብም እንደሱ ናት። ማእበል ከፊት ሲመጣ አፍንጫዋ ሽቅብ ይነሳና ዷ ብሎ ይወርዳል፣ የኋላውም እንደዛው፣ ከፍታ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ጎን ስታዘነብል ከላይ ያለው ሰው ብዙ ነው የሚወዛወዘው። እናንተ የያዛችሁት ፊትም ነው ላይም ነው፣ ሁለቱንም ነው የመረጣችሁት ማለት ነው። ወደ መሀል እና ወደ ታች በቀረብሽ ቁጥር ይቀንስልሻል።

ባልሽ ትልቅ መርከብ አይወዛወዝም ያለው ግማሹ እውነት ነው። ስታቢላይዘር የሚባል ነገር አለ፣ ከውሀ በታች በሁለቱ ጎን የሚወጣ ክንፍ ነው፣ ወደ ግራና ቀኝ ማዘንበሉን በደንብ ይይዘዋል። የፊትና ኋላውን ሽቅብ ቁልቁል ግን እምብዛም አይረዳም፣ መርከቧ ስትቆም ወይ በጣም ቀስ ስትል ደግሞ አብዛኛው ክንፍ ብዙ አይሰራም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባህር በተናወጠ ቀን ጠዋት በር አንኳኩቼ ስገባ ስንቱን ሰው መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተጠቅልሎ ነው የማገኘው። ገብቶኛል፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው። ግን ከመርከቧ ሁሉ መጥፎው ቦታ እሱ ነው፣ መስኮት የለው፣ አየር የለው፣ አይን የሚያርፍበት የለው። ሁሌም የምላቸው አንድ ነው፣ ፌስታል ይዘህ ውጣ፣ መሀል ወለል ላይ ወዳለው ክፍት ቦታ ሂድና ሰማይና ባህር የሚገናኙበትን መስመር እይ፣ ሌላ ምንም አትይ፣ ስልክም አትይ። የቻለ ሰው ሩብ ሰአት ሳይሞላ ፊቱ ደም ይመለስለት ነበር። መቆም ያቃተው ደግሞ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱን ሳያነቃንቅ፣ አይኑን ጨፍኖ ይተኛ። አይንሽን ገልጠሽ ኮርኒስ እያየሽ መተኛት ግን ይብስብሻል።

ነርስ ነኝ፦

ቀልደኛው፣ ባክህ ሰው አታሳስት። ሁለቱም ስህተት ነው። ባዶ ሆድ ይብሳል፣ እስከ አፍ መብላትም ይብሳል፣ ቀለል ያለ ነገር ትንሽ ትንሽ እያሉ መቅመስ ነው፣ ደረቅ ብስኩት፣ ዳቦ፣ ፖም። ቅባት የበዛበትና ሽታው የሚከብድ ይቅር። ሴትሪዚን እና ሎራታዲን ደግሞ የተሰሩት እንቅልፍ እንዳያመጡ ነው፣ ማለት ወደ አእምሮ ብዙም አይገቡም፣ ለዚህ ችግር ደግሞ ስራው ያለው አእምሮ ላይ ስለሆነ አይጠቅሙም። የሚሰሩት የድሮዎቹ፣ እንቅልፍ የሚያመጡት ናቸው።

እህቴ ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሯችን ውስጠኛው ክፍል ላይ ፈሳሽ ያለባቸው ሶስት ቀጫጭን የቀለበት ግማሽ የሚመስሉ ቱቦዎች አሉ፣ መዞራችንን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ከአጠገባቸው ደግሞ ከፍ ዝቅ ማለቱን የሚያውቅ አለ። ካቢን ውስጥ ቁጭ ብለሽ አይንሽ ግድግዳውን አይቶ "ቆመናል" ይላል፣ ጆሮሽ "ኧረ እየተንሳፈፍን ነው" ይላል፣ አእምሮሽ ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ሆድሽ ላይ ይወጣል። አድማስ ማየቱ የሚረዳው ለዚህ ነው፣ አይንሽ የጆሮሽን ወሬ ያረጋግጥለታል። መኪና የሚነዳ ሰው የማያስመልሰውም መንገዱን እያየ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። በጣም የሚያስመልሰው ደግሞ ፈጣኑ መንቀጥቀጥ እንዳይመስልሽ፣ ቀስ ያለው ነው፣ በ5 ሰከንድ አካባቢ አንዴ ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ስለዚህ ትልቅ መርከብ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ማይግሬን ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ይጋለጣል፣ አንቺ ያንን ነግረሽናል።

ስለ መድሀኒቱ ዋናው ነገር ሰአቱ ነው። ሳይጀምርሽ በፊት ነው የሚወሰደው። ማቅለሽለሽ ሲጀምር ጨጓራ ስራውን ያቀዘቅዛል፣ የዋጥሽው ኪኒን እዛው ተቀምጦ ተመልሶ ይወጣል። ሜክሊዚን ለአዋቂ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ከጉዞው 1 ሰአት ቀደም ብሎ ነው፣ እስከ 24 ሰአት ይይዛል፣ እንቅልፉም ከሌሎቹ ቀለል ይላል። ዳይመንሃይድሪኔት (ድራማሚን ብለው የሚሸጡት) ከ4 እስከ 6 ሰአት ነው፣ የበለጠም ያስተኛል። ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትደርቢ፣ በላዩም አልኮል እንዳትጠጪ።

የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ነው፣ ጎበዝ መድሀኒት ነው፣ አንዱ ለ3 ቀን ይሰራል፣ ግን ቢያንስ 4 ሰአት ቀድመሽ ነው ከጆሮሽ ኋላ ጸጉር የሌለበት ደረቅ ቆዳ ላይ የምትለጥፊው። አፍ ያደርቃል፣ አይን ያደበዝዛል። ጠባብ አንግል ግላኮማ (የአይን ግፊት በሽታ አይነት) ያለበት ወይም ሽንት የሚቸግረው ሰው አይጠቀምበት፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሀኪምሽን ሳታማክሪ የትኛውንም እንዳትጀምሪ። በብዙ ቦታም ያለ ሀኪም ማዘዣ አይሰጥም። ለልጅ አይለጠፍም! ግማሹን ቆርጬ እለጥፍላታለሁ እንዳትይ፣ አይቆረጥም።

ለልጅሽ ዳይመንሃይድሪኔት ከ6 እስከ 11 አመት ላሉ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም በየ6 ወይም 8 ሰአቱ ነው፣ በ24 ሰአት ከ150 አይበልጥም፣ ቢሆንም የልጅሽን ሀኪም ጠይቂ። ቤት ውስጥም አንዴ ሞክሪላት፣ አንዳንድ ልጅ በመተኛት ፈንታ ይቅበጠበጣል። ከ2 እስከ 12 ያሉ ልጆች ናቸው በብዛት የሚያማቸው፣ ስለዚህ ነቅተሽ ጠብቂያት፣ ጸጥ ካለችና ካዛጋች ጀምሯታል ማለት ነው።

ከጀመረሽ በኋላ ለጠየቅሽው፣ አለ። የመርከቡ ክሊኒክ ሄደሽ ፕሮሜታዚን መርፌ ይወጉሻል፣ ጨጓራ ስለማይጠብቅ ይሰራል፣ በደንብ ያስተኛሻል። ውሀውን በአንዴ አትጋቺ፣ በትንሽ በትንሽ ማንኪያ እየቀመስሽ፣ ኦአርኤስ (በውሀ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ካለ እሱን። ተቅማጥ ወይ ትኩሳት ከመጣ ግን ያ የባህር አይደለም፣ መርከብ ላይ በፍጥነት የሚዛመት የሆድ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ንገሪያቸው።

አንድ አይና፦

ነርሷ ያላለችው አንድ ነገር፣ ፓቹን (የሚለጠፈውን) ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ!! እኔ ለጥፌ ሳልታጠብ አይኔን አሸሁት፣ በነጋታው ጠዋት መስታወት ሳይ የቀኙ አይኔ ጥቁሩ ክብ ያላግባብ ሰፍቷል፣ የግራው እንደነበረ ነው። ሚስቴ ስትሮክ ነው ብላ እየጮኸች እኔን ጎትታ ክሊኒክ። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየኝና ገና ሳንናገር "ፓች ለጥፈሃል?" አለኝ፣ በሳምንት ስንቱን እንደሚያይ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ሁለት ቀን የጸሀይ መነጽር አርጌ ዞርኩ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ ዘፋኝ መስያለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር አንዴም አላስመለሰኝም።

ዝንጅብል ወዳጅ፦

እኔ ኪኒን አልወድም፣ ዝንጅብል ነው የምይዘው፣ ከረሜላውን ወይ ሻዩን። እና ያ እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው፣ በመሀሉ ጠጠር የሚመስል ነገር ያለው፣ ከእጅ አንጓ መስመር ሶስት ጣት ወደ ላይ ለክተሽ በሁለቱ ጅማቶች መሀል ነው የሚጫነው። ለኔ ሰርቶልኛል።

ነርስ ነኝ፦

ዝንጅብል ለቀላሉ ማቅለሽለሽ አይከፋም፣ አንዳንዱ ጥናት ይደግፈዋል አንዳንዱ አይደግፈውም። የእጅ አንጓው ማስረጃው ደካማ ነው፣ ጉዳት ግን የለውም፣ ደስ ካላት ትሰር። መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ የምታበቃ ሴትዮ ግን በሱ ብቻ ተማምና ባህር ላይ እንድትወጣ አልመክርም።

ቀልደኛው፦

ተገሰጽኩ። ለማካካስ አንድ ቁም ነገር ልበል፣ ያ ዳርዊን የሚባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 ቢግል በምትባል መርከብ ሲዞር ባህሩን ፈጽሞ አልለመደውም፣ በደህና ቀን ሳይሆን በባሰበት ቀን የሚበላው ዘቢብ ነበር። ሌላው ሰው ግን በ2 በ3 ቀን ይለምደዋል ይባላል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከቻልሽው ወዲያ ይሻልሻል። አንቺ ዳርዊን ካልሆንሽ በቀር።

አዲስ ተጓዥ፦

ኧረ ተባረኩ። ካቢኑን አስቀይረናል፣ 3ኛ ፎቅ መሀል ላይ፣ በረንዳው ቀረና ክብ መስኮት ሆነ፣ ባለቤቴ ሁለት ቀን ተኮራርፎኝ ነበር፣ የድሮ ካቢን ጠራጊን ኮሜንት ሳስነብበው ዝም አለ። ቅዳሜ ሜክሊዚኑን 25 ሞከርኩት፣ ማቅለሽለሽ ባይኖርም ለሙከራ ነው፣ ከሰአት በኋላ ሶፋ ላይ ክልትው አልኩ፣ ያ ሁሌ ከሆነ እረፍቱን በእንቅልፍ ልጨርሰው ነው። ማታ ብወስደውስ? ሌላ ደግሞ እህቴ ሄዳ ስትመለስ ቤት ከገባች በኋላም ወለሉ ይወዛወዝብኝ ነበር ትለኛለች፣ ይሄ የጤና ነው?

ነርስ ነኝ፦

አዎ፣ ከመተኛትሽ በፊት ውሰጂው፣ ቀኑን ይይዝልሻል፣ እንቅልፉን ተኝተሽ ታሳልፊዋለሽ። መርከቧ የምትነሳው ከሰአት ከሆነ የመጀመሪያውን ከዋዜማው ማታ ጀምሪ። የመሬቱ መወዛወዝ ያለ ነገር ነው፣ አእምሮሽ ባህሩን ለምዶ መሬቱን እስኪለምድ ነው፣ ለብዙ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ለሳምንታት ከቆየ ግን ሀኪም ይየው።

የድሮ ካቢን ጠራጊ፦

3ኛ ፎቅ መሀል፣ ጎበዝ። ባልሽን በረንዳ ካማረው ከላይ ክፍት ወለል ሞልቷል በይው። እና የመጀመሪያው ማታ ሳትተኙ ቁም ሳጥኑን ክፈቺና ባዶዎቹን የልብስ ማንጠልጠያዎች አውርደሽ ፎጣ ውስጥ ጠቅልያቸው፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ያድራሉ፣ መርከቧ ምን ያህል እንደምትወዛወዝ እየቆጠርሽ ነው የምታነጊው።