ጅማ ላይ ቆርቆሮ የሚገነጥለው ነፋስ ሀሪኬን ነው እንዴ?

ጂኦግራፊ መምህር (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። በበልግ ከሰዓት በኋላ ድንገት ተነሥቶ ቆርቆሮ የሚገነጥለውን ነፋስ ተማሪዎች «ሀሪኬን» ይሉታል። ልክ ናቸው? ሀሪኬን በትክክል የሚፈጠረው እንዴት ነው? የአየር ንብረት ለውጥ ቁጥሩን ጨምሮታል የሚባለውስ? ክፍል ውስጥ ላስረዳበት ስለሆነ ከነቁጥሩ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ደመና ተመልካች
መምህር፣ የጅማው ነፋስ ሀሪኬን አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ሀሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። ጅማ ደግሞ ከቅርቡ ባሕር ከ700 ኪ.ሜ. በላይ የራቀች ደጋማ አካባቢ ናት።

ባሕሩ ቢያንስ 26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ድረስ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ጥልቀት ነው። ነፋሱ ውሃውን ስለሚያማስለው ከሥር ያለው ቀዝቃዛ ከሆነ ወደ ላይ ይወጣና ወጀቡን ያዳክመዋል። ቦታው ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ያህል ማለትም 550 ኪ.ሜ. ገደማ መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከቀረበ የምድር መሽከርከር አየሩን ለማዞር አቅም ያንሰዋል። የታችኛውና የላይኛው ነፋስ በፍጥነትም በአቅጣጫም እጅግ ከተለያየ የደመናው አናት ከሥሩ ይነጠልና ይበተናል። የመካከለኛው ከፍታ አየር ደረቅ ከሆነም አይሳካም። ለመነሻ ደግሞ አስቀድሞ የተሰባሰበ የነጎድጓድ ደመና ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ትነቱ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል፤ ላይ ወጥቶ ወደ ጠብታ ሲመለስ ያንኑ ይለቃል። የጀበና እንፋሎት እጅን ክፉኛ የሚለበልበው ቆዳ ላይ ውሃ ሲሆን ይህንኑ ሙቀት ስለሚያራግፍ ነው። የተለቀቀው ሙቀት አየሩን ያቀለዋል፣ መሃሉ ላይ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዙሪያው አየር ይሳባል፤ የሚሳበው አየር ባሕሩ ላይ በፍጥነት ሲነፍስ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ይተናል። እንዲህ እያለ ራሱን ያበረታል። አትላንቲክ ላይ ነፋሱ በሰዓት 63 ኪ.ሜ. ሲደርስ ስም ይወጣለታል፤ ከ119 ጀምሮ ሀሪኬን ይባላል፤ 252ና ከዚያ በላይ ከአምስቱ የብርታት ደረጃዎች የመጨረሻው 5ኛ ደረጃ ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን የሚሉት ይህንኑ ነው። የብስ ላይ ሲወጣ ትነቱ ስለሚቋረጥበት ቶሎ ይደክማል።

ጣሪያ ሠሪ
የጅማው ነፋስ ከነጎድጓድ ደመና ቁልቁል የሚወርድ ነው። ከዝናቡና ከበረዶው ከፊሉ እየወረደ ሲተንና ሲቀልጥ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይወርድና መሬት መትቶ ወደ ጎን ይፈሳል። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

ቆርቆሮ መነቀል የሚጀምረው ከጠርዝ ነው፤ ነፋሱ ከሥር ይገፋዋል፣ ከላይ ይስበዋል። መሃል ላይ አንድ ጉብታ እየዘለሉ ቢመቱም ጠርዙ ላይ በእያንዳንዱ ጉብታ የጣሪያ ሚስማር ይመታ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሞራሌው ራሱ በሽቦ ወይም በላሜራ ካልታሰረ ጣሪያው ከነእንጨቱ ነው የሚሄደው።

ባሕርና አየር
ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። «ቁጥሩ ጨመረ» የሚለው በዓለም ደረጃ አልተረጋገጠም፤ ተማሪዎች እንዲህ ብለው ባይጽፉ ይሻላል። የተለወጠው ብርታታቸው ነው። ባለፉት 40 ዓመታት 3ኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሚደርሱት ከጠቅላላው ያላቸው ድርሻ አድጓል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ አሁን ከ420 አልፈዋል። ጋዙ ወደ ጠፈር የሚወጣውን ሙቀት ይይዛል፤ ከተጠራቀመውም ሙቀት 90 በመቶ ያህሉ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ስለሚችል ዝናቡም ይከብዳል። ከ1901 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የባሕር ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስላለ ወጀቡ ወደ ዳርቻ የሚገፋው ውሃ ከድሮው ይልቅ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኢዳይ የተባለው ሳይክሎን የመታትን የሞዛምቢኳን ቤይራ ካርታ ላይ ያሳዩዋቸው፤ ዝቅተኛ የባሕር ዳር ከተማ ስትሆን ምን እንደሚደርስባት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጂኦግራፊ መምህር (ጅማ)
እግዜር ይስጥልኝ። እኛን ግን አይመለከተንም ማለት ነው?

ደመና ተመልካች
በደንብ ይመለከተናል እንጂ። በክረምት ወራት ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ተራሮች አካባቢ የሚነሡ የአየር ሞገዶች ወደ ምዕራብ ተጉዘው አትላንቲክ ይገባሉ፤ ከብርቱዎቹ የአትላንቲክ ሀሪኬኖች አብዛኞቹ መነሻቸው ከአፍሪካ የሚወጡ እንዲህ ያሉ ሞገዶች ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. መኩኑና ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች በዓረብ በረሃ ላይ ዝናብ አወረዱ፤ እዚያ የተራባው የበረሃ አንበጣ በቀጣዩ ዓመት እኛ ዘንድ ደረሰ።

ለጅማ ግን ትልቁ ጉዳይ በልጉ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ የሳይክሎን ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሚዘልቅ ከበልግ ጋር ይገጣጠማል። ማዳጋስካር አካባቢ ሳይክሎን በበዛባቸው ዓመታት እርጥበቱ ወደዚያ ይሳብና በልጋችን ሊሳሳ ይችላል። ቡና ደግሞ ከደረቁ ወራት በኋላ የሚያብበው ያን ዝናብ ሲያገኝ ነው። አንዱ ዝናብ ጥሎ ሌላው ከዘገየ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል።