ባሕር ዳር ላይ ሳይክሌ ተሰርቋል፤ ከየት ልጀምር?

ዳቦ አዳይ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ትናንት ረፋድ ላይ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሳይክሌን ወሰዱብኝ። ከብረት አጥር ጋር በገመድ ቁልፍ አስሬው ዕቃ ልገዛ ገባሁ፤ ስወጣ ሳይክሉ የለም። መሬት ላይ ቁልፉ ብቻ ወድቋል። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፣ ፒንሳ መሆኑ ያስታውቃል። አካባቢውን ሁሉ ጠየቅሁ፣ አየሁ የሚል የለም።

ጥቁር ፊኒክስ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች ዳቦ የማደርሰው በሱ ነው። ባጃጅ በኮንትራት ልያዝ ብል የማገኘው ሁሉ ለባጃጁ ነው የሚሆነው። ደረሰኝ የለኝም፣ ከሰው እጅ ነው የገዛሁት። ደረሰኝ ለሌለው ሳይክል ፖሊስ ጋ መሄድ ዋጋ አለው? ቤተሰብ ደግሞ አዋቂ ቤት ሄደህ አስጠይቅ እያለ ወጥሮ ይዞኛል። የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የአባይ ማዶ ልጅ

አይዞህ ወንድምየ፣ በእንጀራህ ነው የመጡብህ። ዛሬውኑ ሳይክሉ የጠፋበት አካባቢ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂድና ቃልህን ስጥ። ደረሰኝ የለኝም ብለህ አትቅር። የሸጠልህን ሰው ካገኘኸው ምስክር ነው፣ የሚጠግንልህም ምስክር ነው፣ ዳቦ የምታደርስላቸው ባለሱቆችም በየቀኑ ከሳይክሉ ጋር ያዩሃል። ስልክህ ውስጥ ደግሞ ፎቶ ፈልግ፤ በበዓል ይሁን በሠርግ ሳይክሉ ከጀርባህ ቆሞ የወጣበት አይጠፋም። የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ጽፈህ ያዝ፣ አለበለዚያ በሌላ ቀን ስትሄድ ጉዳይህ ማን ጋ እንዳለ የሚነግርህ አታገኝም።

አንዷን ነገር ግን ቶሎ አድርግ። አጠገቡ ካሉት ሱቆች ካሜራ ያለው ካለ ዛሬ ለምነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች ሲሞሉ የቆየውን እያጠፉ በላዩ ላይ ነው የሚቀዱት። ባለሱቁ አላሳይም ካለህ ለመርማሪው ንገረው፣ ፖሊስ ሲጠይቅ ሌላ ነው።

ፈጣኑ

እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ፖሊስ ስትጠብቅ ሳይክልህ ቀለም ተቀብቶ መራዊ ወይ አዴት ይደርሳል። የኔ የጠፋ ጊዜ መዝገብ ከፍተው «እንደውልልሃለን» አሉኝ፣ እስካሁን የደወለ የለም። ጓደኞችህን ሰብስበህ ያገለገለ ሳይክል የሚሸጥበትን ሁሉ አስስ። ስታገኘው ያዘው።

ጎሚስታ ነኝ

ፈጣኑ፣ ፈልግ ያልከው ልክ ነው። ያዘው ያልከውን ግን አልስማማም። ገበያ መሃል «ሌባ!» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ከዚያ በኋላ ዱላውን የሚያቆመው የለም። የተያዘውም ሰው ብዙ ጊዜ ሰራቂው ሳይሆን ከሌላ የገዛ ምስኪን ነው። ሳይክሉን ካየኸው ድምፅህን አታሰማ፣ አንድ ጓደኛህን እዚያው አቁመህ ፖሊስ ይዘህ ተመለስ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። ሌባ መጀመሪያ የሚቀይረው ለዓይን የሚታየውን ነው። ኮርቻውን፣ ጎማውን፣ ቀለሙን። ሻንሲውን፣ ዋናውን የብረት አካል ማለቴ ነው፣ ግን የት ያመጣዋል? ሳይክሉን ገልብጠህ ፔዳሎቹ የሚገናኙበት ወፍራም ቱቦ ሥር ብታይ አብዛኛው ሳይክል ላይ የተመታ ቁጥር አለ። አንዳንዱ ላይ ከኮርቻው በታች ወይም ከመሪው ሥር ይሆናል። ጭቃና ግራሶ ስለሚሸፍነው ሰው አያየውም፤ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ሲጠረግ አንድ ባንድ ብቅ ይላል። ቀለም ቢቀቡትም ቁጥሩ ብረቱ ውስጥ የገባ ስለሆነ በጣት ይዳሰሳል። በሞረድ ፍቀውት ከሆነ ደግሞ ቱቦው ክብ ሆኖ ሳለ እዚያች ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ያየ ባለሙያ ወዲያው ይነቃል።

ቁጥሩን ካላወቅኸው የተበየደ፣ የታጠፈ፣ ራጁ የተቀየረ ነገር ካለ አስታውስ። ፎቶውን ደግሞ በየሰፈሩ ላለን ጎሚስታዎች አሳየን። የተሰረቀ ሳይክል «ጎማ ቀይርልኝ» ተብሎ ቶሎ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ያወቅኸውን ምልክት ሁሉ ግን ለሰው አትዘርግፍ፤ አንዷን ለመርማሪው ብቻ ንገር፣ በኋላ ታስፈልግሃለች።

ዳቦ አዳይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኋላ መጫኛውን ለዳቦ ሳጥኑ እንዲበቃ በፌሮ አስፍቼ አስበይጄዋለሁ፣ ብየዳው በግራ በኩል ወፍሮ ወጣ ብሏል። ሌላም ምልክት አለው፣ እሱን እንዳልከኝ እይዘዋለሁ። ሌላው ጥያቄዬ፣ ያገኘሁበት ሰው «እኔ ገዝቼው ነው» ቢለኝስ?

የሕግ ተማሪ ከፔዳ

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የ1952ቱ ማለቴ ነው፣ የተሰረቀበት ሰው ዕቃው በሌላ እጅ ቢገኝም መልስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሰውየው በቅንነት ገበያ ላይ የገዛ ከሆነ የከፈለው ገንዘብ ጉዳይ ሊነሳ ስለሚችል እዚያው ተጨቃጭቀህ አትጨርሰው፣ በፖሊስ በኩል ይሂድ። ስርቆት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ላይ ነው ያለው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ወይም የደበቀ ሰውም በአንቀጽ 682 ይጠየቃል።

አንድ ሰው ሳይነግርህ እንዳትደነግጥ፣ ሳይክሉ ቢገኝም ያን ቀን ይዘኸው ላትገባ ትችላለህ። ኤግዚቢት፣ ማለትም የወንጀሉ ማስረጃ፣ ነው ተብሎ ጣቢያ ሊቆይ ይችላል። የዕለት ሥራህን የምትሠራበት መሆኑን ጠቅሰህ፣ ፎቶ ተነሥቶና አስፈርመውህ እንዲለቁልህ መርማሪውንም ዐቃቤ ሕጉንም በጽሑፍ ጠይቅ።

የፖሊ ሰፈሯ እናት

ልጄ፣ አዋቂ ቤት እንዳትሄድ። ድሮ ሌባሻይ እያሉ አንዱን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ልጁ ሮጦ የወደቀበትን ደጅ የሌባ ቤት ይሉ ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚያ ተዋርዷል። ዛሬም አዋቂ የተባለው «ጠይም ነው፣ ጎረቤትህ ነው» ይልሃል፤ አንተም ከጎረቤትህ ተጣልተህ ትቀራለህ፣ ሳይክሉም አይመለስ።

በገጠሩ አውጫጭኝ ነበር፣ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ይቀመጣል። ከተማ ላይ ያ ባይኖርም እድር አለ። ለእድርህ ዳኛ ንገርና ስብሰባ ላይ ያስነግሩልህ፣ «ላገኘው ወሮታ እከፍላለሁ» በል። ሰው ሁሉ ልጅ አለው፣ ልጁ ደግሞ መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ ያየ አይጠፋም።

ዳቦ አዳይ

እትየ፣ እድሜ ይስጥዎት፣ የእድራችንን ዳኛ ዛሬ ማታ አነጋግራቸዋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። ትናንት ማታ ስልኬን ጽፌ ወሮታ እከፍላለሁ ብዬ ለጥፌ ነበር። አንዱ ደውሎ «ሳይክልህ እኔ ጋ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ የማስጫኛ ገንዘብ በቴሌብር ላክልኝና በመኪና ጣሪያ እልክልሃለሁ» አለኝ። ልላክለት?

የአባይ ማዶ ልጅ

አንዲት ሳንቲም እንዳትልክ! ማስታወቂያ አይተው የሚደውሉ ሞልተዋል። እውነት እሱ ጋ ከሆነ የኋላ መጫኛውን የግራ በኩል አሁኑኑ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ። ስልክ ቁጥሩን ለመርማሪው ስጥ።

ፈጣኑ

በዚህ ልክ ነው። የኔንም ጊዜ እንዲሁ የደወለ ነበር። ጎሚስታው ያለውንም ተቀብያለሁ፣ ፖሊስ ይዘህ ሂድ።

ዳቦ አዳይ

ፎቶ ላክ ስለው ስልኩን ዘጋው፣ አሁን አይሠራም። ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፣ መዝገቡ ተከፍቷል። ደረሰኝ የለኝም ስላቸው አልመለሱኝም፣ ምስክር ጠየቁኝ። የሸጠልኝ ሰውየም እመሰክራለሁ ብሎኛል፤ ደግነቱ ሊሸጠው ሲል ያነሣው ፎቶ ስልኩ ላይ አለ፣ ሙሉ ሳይክሉ ይታያል። አንዱ ባለሱቅም ካሜራውን ለፖሊስ አሳያለሁ አለ።

ጎሚስታ ነኝ

ያን ፎቶ ላክልኝ፣ እኔም ለማውቃቸው ጠጋኞች አሳያለሁ። እስኪገኝ ግን ዳቦው አይቆምም። እኔ ጋ የቆመች አሮጌ ሳይክል አለች፣ ካላማዳሪ ቀይሬላት እስከዚያው ያዛት፤ ነገ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ና። የገመድ ቁልፉን ተወው፣ ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ግዛ። ስታስር ሰንሰለቱ በሻንሲውና በኋላ ጎማው ውስጥ አልፎ ብረቱን ይያዝ፣ የፊት ጎማ ብቻ ካሰርክ ጎማውን ትተውልህ ቀሪውን ይወስዳሉ። ስምህንና ስልክህን ወረቀት ላይ ጽፈህ በፌስታል ጠቅልለህ አምጣ፣ ኮርቻውን ነቅለን ቱቦው ውስጥ እንከተዋለን። ቁጥሯንም አብረን ጠርገን ፎቶ እናነሣለን።