የኒካሕ (የእስልምና ጋብቻ) ውል፣ መጥሪያው እና የሴቶች ወንበር፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ አሰላሙ አለይኩም እህቶች። ለመጅሊሱ (ለእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ) እና ለሸሪዓ ፍርድ ቤቱ የምናስገባውን ሐሳብ ዛሬ መልክ እናስይዘው። የመጣው ሁሉ ቢገባ የሚያነበው አይገኝም። እኔ ሁለት ነገር ይበቃል እላለሁ፤ የኒካሕ ውሉ እና የሴቶች ውክልና።

የመርካቶዋ እናታችን፦ ውሉ ይቅደም ልጆቼ። በኒካሕ ቀን መህሩ (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ስጦታ) ይነገራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ወደ ምግቡ ነው። ልጅቷ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፣ ሥራዬን አልተውም ብላ በቃል ትስማማለች። ኋላ ጠብ ሲነሳ ማን ሰማ ይባላል። ሸርጥ (የውል ቅድመ ሁኔታ) ማስጻፍ እንደምትችል ቀድሞ የነገራት የለም።

ኡስታዛ፦ እማማ ልክ ናቸው። ግን አንድ ዓይነት ቅጽ ለሁሉም አይሠራም። መዝሀቦቹ (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት ቤቶቹ) ይለያያሉ፤ በሐንበሊ መዝሀብ ሚስት "ሁለተኛ አታገባብኝም" ብላ ሸርጥ ብታስገባ፣ ባልየው ሲያፈርሰው ኒካሑን የማስፈረስ መብት አላት። ሻፊዒዮች ይህን ሸርጥ አያጸኑም። በሐነፊ ደግሞ ተፍዊድ አለ፤ ባል የፍቺ ሥልጣኑን ለሚስቱ ይሰጣል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ እንተው፣ ቃዲው (የሸሪዓ ዳኛው) እንደ መዝሀባቸው ያስረዳቸው።

የሕግ ባለሙያዋ፦ እባካችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱን መጥሪያ አትርሱብኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሸሪዓ መዳኘት በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው ይላል። ዐዋጅ 188/1992 ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጥረዋል። አልፈልግም ብላ ቤቷ የቀረች ሴት ሳታውቀው ተስማማች ማለት ነው! በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ፈቃዷን ያልሰጠችን ሴት ደግፎ ወስኗል። እዚያ ለመድረስ ግን ስንቷ አቅም አላት? መጥሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ "ካልፈለጉ ቀርበው ይናገሩ።"

ከአየር ጤና አባል፦ ውክልናውን ለሌላ ጊዜ ብናቆየውስ? ፖለቲካ ነው ብለው ሁሉንም እንዳይመልሱብን።

ኡስታዛ፦ አልስማማም እህቴ። በሑደይቢያ ስምምነት ጊዜ ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) መሥዋዕቱን ለማረድ ሳይነሱ ሲቀሩ መላ ያመጣችው የነቢዩ ሚስት ኡሙ ሰለማ ናት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምክሯን ተቀብለዋል። ዳኝነት ላይ እንኳ የሐነፊ መዝሀብ መሪ አቡ ሐኒፋ የሴት ምስክርነት በሚሰማበት ጉዳይ ሴት እንድትዳኝ ፈቅደዋል። ብዙኃኑ ዑለማ (ሊቃውንት) እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዳኝነት አንጠይቅ። የቤተሰብ ጉዳይ ሲታይ ከቃዲው ጎን ሴት አማካሪ ትቀመጥ፣ በመጅሊሱም ድምፅ ያላት ወንበር ይሰጣት።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ሦስቱም ይገባሉ፣ መጥሪያው ይቀድማል። ኡስታዛ፣ የቅጹን ረቂቅ አንቺ ጀምሪው። እማማ፣ እርስዎ ለመርካቶ ሴቶች አንብበውላቸው ያልገባቸውን ቃል ይንገሩን።