ዋና ተዋናዩ በመሃል ቢወጣ፦ ይተካ፣ ከታሪኩ ይውጣ፣ ወይስ ፊልሙ ይቁም?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ይኸው። ሀዋሳ ውስጥ በ18 ቀን የሚያልቅ ፊልም አለ እንበል። 64 ሲን (ትዕይንት) አለው። በ11ኛው ቀን፣ 39 ሲን ተቀርጾ እያለ፣ ዋናው ተዋናይ አዲስ አበባ ተከታታይ ድራማ አግኝቶ ወጣ። ከተቀረጹት ውስጥ እሱ ያለባቸው 27 ናቸው። ምን ይደረግ? የውጭ ፊልም የሚጠቅስ ምን እንደተደረገና ለምን እንደሠራ ይጻፍ። «እነሱ ብር አላቸው» የሚል መልስ አይቆጠርም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ።

የሐይቅ ዳር፦ ይተካ። «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ቀረጻው የተጀመረው በኖቬምበር 1984 ኤሪክ ስቶልዝን በዋናነት ይዞ ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ከተቀረጸ በኋላ ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ የተቀረጸውን አይቶ ቀልዱ እንዳልያዘለት ገባው። በጃንዋሪ 1985 ስቶልዝ ተሰናበተ፣ ማይክል ጄ ፎክስ ገባ። ፊልሙ በጁላይ ወጥቶ የዓመቱን ከፍተኛ ገቢ አመጣ። ስድስት ሳምንት የጣለ ፊልም እንዲህ ከሆነ 11 ቀን ምን ያስፈራል?

ስክሪፕት ያዥ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ነው ያወራኸው። ከመጀመሪያውም የተፈለገው ፎክስ ነበር። «ፋሚሊ ታይስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ፕሮዲዩሰር ግን አንዷ ዋና ተዋናይ በወሊድ ላይ ስለነበረች አልለቅም አለ። በኋላ ሲስማማም ፎክስ ቀን ቀን ድራማውን፣ ማታ ማታ ፊልሙን እየሠራ ነው ያለቀው። ሌላው፣ ፎክስ አጭር ስለነበር ፍቅረኛውን ልትጫወት የተመረጠችው ሜሎራ ሃርዲን ትረዝመዋለች ተብላ እሷም ተቀየረች። ስለዚህ ተተኪ ስትፈልጉ መጀመሪያ ሜትር ያዙ። ከድሮው ተዋናይ በ10 ሳንቲ ሜትር ካነሰ የሌሎቹ ተዋንያን ዓይን በተቀረጸው ሁሉ ከጭንቅላቱ በላይ ይመለከታል። ሳጥን ላይ ማቆም ቆሞ ለሚያወራበት ሾት ይሠራል፣ ለሚራመድበት አይሠራም።

ጋሽ ፕሮዲዩሰር፦ ፎክስ ማታ የሠራው ሁለቱም እዚያው ሎስ አንጀለስ አካባቢ ስለሆነ ነው። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ቀን ድራማ ሠርቶ ማታ ሐይቅ ዳር የሚደርስ ተዋናይ የለም። አዳማ ቢሆን በፈጣን መንገዱ እሺ እንል ነበር።

ስክሪፕት ያዥ፦ ጋሼ፣ ማታ ማታ ይምጣ አላልኩም። ድራማ በየቀኑ አይቀረጽም። ካሜራ ከማሸግ በፊት ለድራማው ፕሮግራም አዘጋጅ ደውሎ የልጁን ነፃ ቀኖች መጠየቅ ነው። ሁለት ሁለት ቀን ለሦስት ሳምንት ከተገኘ የሱን ሲኖች ብቻ ወደነዚያ ቀናት ሰብስቦ የሌሎቹን በመሃል መቅረጽ ይቻላል። የሱን ልብስ ግን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ጸጉሩንም በውል። ለድራማው ተላጭቶ ከመጣ ያለቀለት ነው።

ኤዲተር፦ አይመጣም ብለን እንያዝ፣ ጥያቄው እሱ ነው። 27ቱን ሲን እንዳለ መጣል አያስፈልግም፤ ለሦስት ይከፈሉ።

አንደኛ፣ ፊቱ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ፍሬም ያለባቸው። እነዚህ ከነሙሉ ተዋንያናቸው ይደገማሉ። 13 ናቸው እንበል። ሁለተኛ፣ ንግግሩ ፊት ለፊት ሆኖ አንድ አንዱ ለብቻው የተነሣባቸው። የሌላው ተዋናይ ክሎዝ አፕ (ፊቱ በቅርብ የተነሣበት ሾት) ይቀመጣል፣ የተተኪው ወገን ብቻ ይነሣል። እነዚህ 9 ቢሆኑ። ሦስተኛ፣ ጀርባው፣ ሩቅ ሆኖ ሲሄድ፣ ስልክ ውስጥ ድምፁ። 5። እነዚህ በዳቢንግ፣ ማለትም ድምፁን ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ በመቅዳት፣ እና በልብስ ያልፋሉ።

እስካሁን በቀን በአማካይ ሦስት ተኩል ሲን ተቀርጿል። 13ቱ አራት ቀን ገደማ ይወስዳሉ። 9ኙ መብራቱ ለአንድ ወገን ብቻ ስለሚተከል በቀን ስድስት ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን ተኩል። የቀሩት 25 ሲኖች ድሮም ሰባት ቀን ይፈልጉ ነበር። 18 የነበረው 24 ቀን ሆነ ማለት ነው። ስድስት ቀን የምግብ፣ የመኪና፣ የካሜራ ኪራይ ከተገኘ ይተካል።

በሁለተኛው ክፍል የሚበላሸውን ልንገራችሁ። የሌላው ተዋናይ ክሎዝ አፕ ላይ የድሮው ሰው ድምፅ ከካሜራ ጀርባ ተደርቦ ገብቶ ከሆነ ሾቱ በምስል ደህና፣ በድምፅ ሙት ነው። ሁለቱ ተዋንያን ቃል እየተቀባበሉ ከተናገሩ ያ ድምፅ አይነቀልም፣ ያችም ተዋናይ ስቱዲዮ ገብታ የራሷን መልሳ ትናገራለች። ለዚህ ነው በየቦታው የሰው ድምፅ የሌለበት የ30 ሴኮንድ ጸጥታ የሚቀዳው፣ ከሥሩ የሚነጠፈው እሱ ነው። ከዚያ ደግሞ የሌንስ ቁጥር፣ የካሜራ ቁመት፣ ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ)፣ ሰዓት፣ ሁሉም ከድሮው ጋር መግጠም አለበት። በ50 ሚሊ ሜትር ከተነሣች ሴት ጋር በ35 የተነሣ ወንድ አይነጋገርም።

ካሜራ ሁለት፦ ሰዓቱ ላይ ልጨምር። ሐይቁ ጠዋት ዝም ይላል፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል። ጠዋት 2 ሰዓት የተነሣችው ሴት ጀርባ ውኃው ለጥ ብሎ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት የተነሣው ተተኪ ጀርባ ማዕበል ካለ ተመልካች ስሙን ባያውቀውም ይረብሸዋል። አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው፣ ከሆነ ደግሞ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳው አለ። በድሮው ሾት ከትከሻዋ ኋላ ቆሞ ነበር፣ ዛሬ ሄዷል፣ ወይም ሦስት ሆነው መጥተዋል። መፍትሔው ረጅም ሌንስ፣ ሰፊ አፐርቸር (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ)፣ ኋላውን ማደብዘዝ ነው። ቴሪ ጊሊያም በ2000 ስፔን ውስጥ ዶን ኪኾቴን ሲቀርጽ በሁለተኛው ቀን ጎርፍ መጣ። ዕቃውን መውሰዱ ብቻ ሳይሆን የመሬቱን ቀለም ስለቀየረው የመጀመሪያው ቀን ሾት ከቀጣዩ ጋር አልገጥም አለ። ቀጥሎ ዋናው ተዋናይ ዣን ሮሽፎር ወገቡን ታሞ ወጣ፣ ፊልሙ ቆመ። ያለቀው በ2018፣ በሌሎች ተዋንያን ነው። እዚህም ክረምት ገብቶ የታቦር ተራራ ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ፣ ከቡኒ ወደ አረንጓዴ እስኪዞር የቆየ ፊልም ውጪ የተነሣውን ሁሉ ይደግማል።

ጋሽ ፕሮዲዩሰር፦ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን? ገጸ ባሕርይውን ከታሪኩ አውጡት። ቬርነር ኸርዞግ «ፊትዝካራልዶ»ን 40 በመቶ ያህል ከቀረጸ በኋላ ጄሰን ሮባርድስ በተቅማጥ ታሞ ሐኪም አትመለስ አለው። ረዳቱን የሚጫወተው ሚክ ጃገርም ለሙዚቃ ጉዞ ሄደ። ኸርዞግ በሮባርድስ ፈንታ ክላውስ ኪንስኪን አስገባ፣ የጃገርን ገጸ ባሕርይ ግን በሌላ ሰው አልተካም፣ ጨርሶ ሰረዘው። እኛም 39ኙን እንዳለ ይዘን ሰውዬው በመሃል ይሙት፣ እህቱ ታሪኩን ትጨርስ። የሚጻፈው 25 ሲን ብቻ ነው። ድጋሚ ቀረጻ ዜሮ!

ስክሪፕት ያዥ፦ ጋሼ፣ ምሳሌው ራሱ መለሰልዎ። የተሰረዘው ረዳቱ ነው፣ ዋናው ተተክቷል። ደግሞስ ሲን በታሪኩ ቅደም ተከተል መቼ ይቀረጻል? በሎኬሽን ነው የሚሰበሰበው። የሐይቅ ዳሩን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ከጨረስን መጨረሻ ላይ እህቱን የሚያቅፍበት ሲን በሦስተኛው ቀን ተቀርጾ ተቀምጧል። በ40ኛው ሲን ገድለውት በ63ኛው ያቅፋታል።

ጋሽ ፕሮዲዩሰር፦ ትዝታ ይሆናላ።

ኤዲተር፦ ትዝታ! ያልሆነ ነገር አይታወስም እንጂ። ቢያንስ ወደ ፊት ዘሎ የተቀረጸው ስንት እንደሆነ ይቆጠር። ከአራት ካልበለጠ የጋሼ ሐሳብ ይሠራል፣ ስምንትና ዘጠኝ ከሆነ አይሠራም።

የሐይቅ ዳር፦ ለሞተ ተዋናይስ? ቻድዊክ ቦስማን በኦገስት 2020 ሲሞት ማርቭል «ብላክ ፓንተር» ላይ የተጫወተውን ቲቻላን ለሌላ አልሰጥም ብሎ በ2022 ፊልም ውስጥ ገጸ ባሕርይውንም ቀበረው። ብዙ ተመልካች ተቃወመ፣ ይተካ የሚል ፊርማም ተሰበሰበ። ሪቻርድ ሃሪስ በ2002 ሲሞት ግን የ«ሃሪ ፖተር»ን ደምብልዶር ማይክል ጋምበን ወሰደው፣ ዓለም አልፈረሰም።

ስክሪፕት ያዥ፦ ሃሪስ በጺም፣ በረጅም ጸጉርና በካባ የተሸፈነ ሽማግሌ ነው የተጫወተው፣ ከመጽሐፍ የመጣ ሰው። ጋምበንም የገባው በሦስተኛው ፊልም መጀመሪያ እንጂ በመሃል አይደለም። ቲቻላ ግን በተመልካች ዓይን ቦስማን ራሱ ነበር። ሦስተኛም መንገድ አለ። ሂዝ ሌጀር በጃንዋሪ 2008 ሲሞት የጊሊያም ፊልም አላለቀም ነበር። በእውኑ ዓለም የሚሆነው በአብዛኛው ተቀርጿል፣ የቀረው ገጸ ባሕርይው በመስታወት አልፎ የሚገባበት የምናብ ዓለም ነበር። ጆኒ ዴፕ፣ ጁድ ሎና ኮሊን ፋረል ያንን ተካፈሉት፣ በመስታወቱ ሲያልፍ ፊቱ ይቀየራል ተባለ። የሠራው የቀረው ሲን ዓይነት አንድ ስለሆነ ነው። የኛ 25 ሲኖች ሁሉ በሕልም ካልሆኑ አይሆንልንም።

ካሜራ ሁለት፦ ፊቱን በኮምፒውተር መቀየርስ? ኦሊቨር ሪድ በ1999 «ግላዲያተር» ሳያልቅ ሞቶ ሁለት ደቂቃ ለምትሆን ሥራ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ዛሬ ዋጋው ወርዷል፣ ግን እጅ ፊት ላይ ሲያልፍ፣ ሰው በጎን ሲዞር፣ ጄኔሬተሩ መብራቱን ሲያንቀጠቅጠው የተለጠፈው ፊት ይቀደዳል። ደግሞ የወጣው ልጅ በሕይወት አለ፣ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ፊቱን መጠቀም ክስ መጥራት ነው።

የሐይቅ ዳር፦ እሺ፣ እንዲያው ልጁ ባይወጣ ኖሮ ፊልሙ ይሻል ነበር ወይ? ቶም ሴሌክ ኢንዲያና ጆንስን ቢጫወት፣ ዊል ስሚዝ «ዘ ማትሪክስ»ን እምቢ ባይል እንደምንለው።

ኤዲተር፦ ይህ ለቡና ሰዓት ነው። ሰው ሲቀየር ጽሑፉም ስለሚቀየር የሚወዳደር ነገር የለም። «ቤቨርሊ ሂልስ ኮፕ» ለሲልቬስተር ስታሎን ነበር፤ ቀረጻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወጣ፣ ኤዲ መርፊ ገባ። ስታሎን ለራሱ የጻፈው ቀልድ የለሽ ሐሳብ በ1986 «ኮብራ» ሆነ። ከሴሌክ የሚጠቅመን ሌላው ነው። ቴሌቪዥኑ በውል ይዞት ከለከለው፣ ከዚያ በ1980 ተዋንያን ሥራ ሲያቆሙ ድራማው ራሱ ዘገየ። ትንሽ ጠብቀው ቢሆን ይደርስ ነበር። ውሉን ያነበበ ግን ያንን ሊያውቅ አይችልም።

ካሜራ ሁለት፦ ውል ካልክ፦ ክፍያው ለሦስት ይከፈል። 30 በመቶ ሲፈርም፣ 40 በመቶ ከቀረጻው ግማሽ በኋላ፣ 30 በመቶ ዳቢንግ ሲያልቅ። ግማሹ ሳይደርስ 70 በመቶ የተቀበለ ተዋናይ አንድ የሚያጓጓ ስልክ ሲደወልለት ይሄዳል። ድጋሚ ቀረጻም በስም ይጻፍ፣ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት። በ2017 ሪድሊ ስኮት ከ«ኦል ዘ መኒ ኢን ዘ ወርልድ» ኬቪን ስፔሲን አውጥቶ ክሪስቶፈር ፕለመርን ሲያስገባ ለዚያው ድጋሚ ቀረጻ ማርክ ዋልበርግ 1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ሚሼል ዊሊያምስ ከ1,000 ዶላር በታች ተቀበሉ። ኋላ ሲሰማ ጉድ ሆነ፣ ዋልበርግም ገንዘቡን በስሟ ለገሰ። እዚህም የቀሩት ተዋንያን ናቸው በነፃ የሚለመኑት።

ኤዲተር፦ ያ ፊልም ለኔ ትልቁ ማስረጃ ነው። 22 ሲን በ9 ቀን ተደገመ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ፣ በዲሴምበር 25 ሲኒማ ገባ። ፍጥነቱ ከብር ብቻ አልመጣም። ፊልሙ ኤዲት ተደርጎ አልቆ ስለነበር የትኛው ሾት ከስንት ሴኮንድ እስከ ስንት እንደሚፈለግ ያውቁ ነበር። እኛም ተተኪ ሳንጠራ 39ኙን በሦስት ቀን በላፕቶፕ በሻካራው ኤዲት እናድርግ። ከ13ቱ ሁለት ሦስቱ ታሪኩ ውስጥ እንደማያስፈልጉ ያኔ ይታያል። ተተኪውም ያንን አይቶ ይምጣ፣ ግን የድሮውን ልጅ አነጋገር እንዳይቀዳ ድምፁ ተዘግቶ።

አወያይ፦ ጋሼ፣ አሁንስ?

ጋሽ ፕሮዲዩሰር፦ የስድስት ቀን ብር ካላችሁ ተኩ። ከሌላችሁ ወደ ፊት ዘሎ የተቀረጸውን ቆጥራችሁ ንገሩኝ፣ ከአራት ካላለፈ ሰውዬውን ራሴ እገድለዋለሁ።